በሦስት የተቆረጠው ድንኳን

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ወጣት ከከተማው ጽሕፈት ቤት የተጠቀለለ ባነር በብብቱ ይዞ የስፌት መኪናዬ ወዳለበት በረንዳ መጣ። ለሐሙስ ስብሰባ ስለሚሰቀል ዳር ዳሩን አጥፌ የገመድ ማስገቢያ እንድሠራለት ነበር የፈለገው። ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። መስቀል፣ ጨረቃና የተገለጠ መጽሐፍ ጎን ለጎን ተስለውበታል፤ ከሥራቸው በትልልቅ ፊደል «መንገዳችን ቢለያይም የምንፈልገው አንድ አምላክ ነው» ይላል። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ ይህን ያህል ግን አያቅተኝም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ጨርቁን በጣቶቼ መሐል አሸት አሸት አደረግኩና፣

«ዝናብ ያስገባል?» አልኩት።

ወጣቱ ሳቀ። «ለመከለያ እኮ አይደለም እማማ፤ እንዲታይ ነው የሚሰቀለው።»

መከራከር እንደምወድ ሰፈሩ ያውቃል፤ ያን ቀን ግን ክሬን በመርፌ አስገባሁ። ባነሩ ላይ የተጻፈውን ቃል ከሠላሳ ዓመት በፊት ፊደል ከማያውቅ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። ሰውየውን የሸኘንበትን ቀንም አልረሳሁትም።

አያ ጊኖ የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። የበና ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከአልዱባ ወገን ከብት ነድተው ጂንካ ገበያ መጡና በዚያው ቀሩ። ምን እንዳስቀራቸው ሲጠየቁ ጭቃው እግሬን ያዘኝ ይሉ ነበር። የጂንካን የሚያዝያ ጭቃ የሚያውቅ ሰው ቀልድ ነው አይልም። እድሩ ድንኳኑን፣ ወንበሮቹንና ትልልቆቹን ድስቶች የሚያስቀምጥበት አንድ ክፍል ዕቃ ቤት ነበረው፤ እሳቸው በዚያ እያደሩ ዕቃውን ይጠብቃሉ፤ ሰው ሲሞት ደግሞ ጥሩምባቸውን ይዘው ከገበያው እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ድረስ እየዞሩ ይለፍፋሉ። ያኔ አውሮፕላን ማረፊያው መሐል ከተማ የሚገኝ የሣር ሜዳ ነው፤ አውሮፕላን ካልመጣ ላም ይግጥበታል።

ጠዋት ጠዋት በቅል ሾፎሮ ይጠጡ ነበር፤ የቡና ገለባ የተፈላበት የአገራቸው መጠጥ ነው። ከመጠጣታቸው በፊት አንድ ጉንጭ ይይዙና ወደ ፀሐይ መውጫ እፍ ብለው ይረጩታል፤ «ባርጆ» ብለው ይጣራሉ። በእነሱ ዘንድ በረከትም እሱ ነው፣ የሚሰጠውም እሱ ነው። ከብቱ ይርባ፣ ዝናቡ ይምጣ ይላሉ። ከዚያ በዚያው ምራቅና ቡና የጎረቤቱን ስም ይቆጥራሉ፤ የቄሱን ጉልበት ያድን፣ የሼኩን ሳል ያቁም፣ የጴንጤዎቹን ልጅ ያሳድግ። እኔ ያኔ ሃያ ዓመት ያለፈኝ ወፈፍ ያልኩ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ለመንገድ ሥራ ከወላይታ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ እናቴ አሪ ናት፤ ቤታችን ወንጌል አማኝ ነው። አንድ ቀን ባርጆ የሚሉት ማን እንደሆነ አፋጥጬ ጠየቅኳቸው።

«አልዱባ ገበያ ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ሐመሩ በዚያ ይመጣል። ፀማዩ ከታች ይወጣል። አሪው ከላይ ይወርዳል። ገበያው አንድ ነው። ሁሉም የሚፈልገው አንዱን ነው፤ ባርጆ በይው፣ አላህ በይው፣ ጌታ በይው።»

«ገበያማ ሁሉም የሚሄደው የየራሱን ሊሸጥ ነው፤» አልኳቸው። በጣም ሳቁ። እስከ ሞቱ ድረስ ባገኙኝ ቁጥር «ነጋዴዋ» ነበር የሚሉኝ።

እድራችን የሁሉም ነበር። በደርግ ዘመን የእኛ ጸሎት ቤት ታሽጎ በነበረበት ጊዜ የወንጌል አማኞች ያለ ፍርሃት አብረው የሚቀመጡት ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። ድንኳኑ ጥግ ላይ ጭንቅላታቸውን ደፍተው በሹክሹክታ ይጸልያሉ። አያ ጊኖ ደጅ ይቆማሉ፤ ካድሬ ብቅ ሲል ይስላሉ። ኦርቶዶክሶቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያለቅሳሉ፤ ሙስሊሞቹ ስለ በሬ ዋጋ ያወራሉ፤ በዚያ ሁካታ የእኛዎቹ «አሜን» ይሰወራል። ማንም ማንንም አልጠቆመም። ይህን ያየሁ ሰው ነኝና ኋላ የሆነውን ለመናገር ያሳፍረኛል።

መንግሥት ተለወጠ። ጸሎት ቤቱ ተከፈተ፤ የእኛ ሰዎች ከየጓዳው ወጥተው ሲታዩ ከሰፈሩ ከግማሽ በላይ ሆነው ተገኙ። ሰው ነጻ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አጥር ያጥራል። አንዱ ከለቅሶ በኋላ የሚጠጣው ጠላ ኃጢአት ነው አለ፤ ሌላው ለሟች ፍትሐት ሳይደረግ የእድር ጸሎት ምንድን ነው አለ፤ ሌላው በዚህ ድስት ምን እንደተቀቀለ በምን አውቃለሁ አለ። በሁለተኛው ዓመት እድሩ ለሦስት እንዲከፈል ተስማሙ። ለመለያየት ያን ያህል ሲስማሙ አይቼ አላውቅም።

የመጨረሻው ስብሰባ የተደረገው በራሱ በድንኳኑ ሥር ነው። ድንኳኑን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ልብስ ስፌት የተማርኩት ከጋሽ ኑሩ ነው፤ ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ በሱቃቸው በረንዳ ላይ መኪና ሰጥተው አስቀምጠውኛል። እድሩ ከየቤቱ አዋጥቶ ወፍራም አረንጓዴ ሸራ ሲገዛ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጣቴ እየደማ ገጣጥሜዋለሁ። መሐሉ ላይ፣ ምሰሶው አናቱን በሚገፋበት ቦታ፣ እንዳይቀደድ የበሬ ቆዳ ደርቤበታለሁ።

ድስቶቹና ወንበሮቹ በቀላሉ ተከፋፈሉ። የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ሳይቀር ተቆጥሮ ተከፋፈለ። ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አጎቴ ጦና ተነሣ። አናጢ ነው፤ የእኛ ወገን ሽማግሌ፤ ልቡ ክፉ አይደለም። እኛ ብዙ ስለሆንን ድንኳኑ እኛ ዘንድ ይቀመጥ፤ እናንተ ለቅሶ ሲደርስባችሁ ያለ ምንም ክፍያ ትዋሳላችሁ አለ። የእድሩ ዳኛ የነበሩት ጋሽ አሥራት፣ የኦርቶዶክሶቹ ሽማግሌ፣ ከንፈራቸውን ነከሱ። ጋሽ ኑሩ እንዋስ፣ ምን ችግር አለ አሉ። ነገሩ ሊያልቅ ነበር። ድንኳኑ ሙሉ ሆኖ ሊተርፍ ነበር።

እኔ ነኝ የተነሣሁት።

ከሴቶቹ መሐል ብድግ ብዬ ልክ አይደለም አልኩ። የሚጠቀመው የእኔ ወገን ነው፤ ቢሆንም ልክ አይደለም። ሁሉም ከየቤቱ አዋጥቷል፤ ዛሬ ሰው የሞተበት ቤት ነገ አስከሬን አስቀምጦ ደጅ ሊጠና አይገባም፤ ወይ የሁሉም ይሁን፣ ወይ እኩል ይሁን። እናቴ ቀሚሴን ስትጎትተኝ ይሰማኛል። እውነት ለመናገር «የሁሉም ይሁን» የሚሉ መስሎኝ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሰው ሁለት ምርጫ ሲሰጠው ደጉን የሚያነሣ ይመስላል።

ጋሽ አሥራት ቀስ ብለው፣ «ልጅቷ እውነቷን ነው። እኩል ይሁን፤» አሉ። ከዚያ ሁሉም ዞሮ አየኝ። መቀሱ ያለው እኔ ዘንድ ነው።

ድንኳኑን አውርደን ሣሩ ላይ ዘረጋነው። በሲባጎ ሦስት ጊዜ ለካሁ። አንድ ጣት እንኳ እንዳይበላለጥ አራተኛ ጊዜ ለካሁ። እርጥብ ሸራ ሲቆረጥ የሚያሰማው ድምፅ ላም ሣር ስትነጭ ከሚሰማው ጋር አንድ ነው፤ ዛሬም ላም ስትግጥ አጠገቧ አልቆምም። ዕጣ ተጣለ፤ ቆዳው ያለበት መሐለኛው ለእኛ ወጣ፤ ዳርና ዳሩ ለኦርቶዶክሶቹና ለሙስሊሞቹ ደረሰ። ጥሩምባው ሊቆረጥ ስለማይችል ማንም አልፈለገውም፤ አያ ጊኖ እጅ ቀረ።

ሁሉም ድርሻውን ተሸክሞ ሲሄድ አያ ጊኖ ቆርቆሮው ከተነሣው ዕቃ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። እንደ ልማዳቸው ሊቀልዱ የፈለጉ ይመስሉ ነበር።

«ነጋዴዋ፣ እኔ ስሞት በየትኛው ነው?»

ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም፤ ሲባጎዬን እየጠቀለልኩ ነበር። «በሦስቱም ነው አያ፤» አልኳቸው።

አራት ጊዜ ስለካ አራተኛ ሰው መኖሩ ትዝ አላለኝም። ዕቃውን ሲጠብቁ የኖሩት፣ ለሁሉም ሙታን የነፉት እሳቸው ከየትኛውም ወገን አልነበሩም። ፍትሕ ማለት እኩል መቁረጥ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ አያ ጊኖ ጣሪያቸውን በእንሰት ቅጠል ሸፍነው ኖሩ። ሦስቱ እድሮች የየራሳቸውን ለፋፊ ስለቀጠሩ ጥሩምባውን የሚነፉለት ሰው አጡ። እናቴ ጎደሬ ስትቀቅል እወስድላቸዋለሁ፤ ይቀበላሉ፣ ይመርቃሉ፤ ምርቃታቸው ግን እያጠረ ሄደ። ክረምቱ አልፎ በጋው ከረረ፤ ዝናቡ ሚያዝያ ላይ ሲመለስ ሳል ያዛቸው። ግንቦት ውስጥ በአንዱ ማክሰኞ ጠዋት ጎደሬውን ይዤ ስሄድ ሞተው አገኘኋቸው። ቅጠሉ ያፈስ ነበር፤ አቆማዳቸው፣ ምንጣፋቸው፣ ጥሩምባቸው ርሷል።

ለወገኖቻቸው በአልዱባ በኩል በሚያልፍ የጭነት መኪና መልእክት ላክን። እስኪመጡ ድረስ አስከሬኑ ድንኳን ይፈልጋል፤ በእኛ አገር ድንኳን ያልተተከለለት ሰው የሞተ ሳይሆን የጠፋ ነው። እኔ ደግሞ በሦስቱም ነው ብያለሁ። ጥሩምባውን አነሣሁና መንገድ ወጥቼ ነፋሁት። ሴት ጥሩምባ ስትነፋ ታይቶ አይታወቅም፤ ድምፁም እንደ ጥጃ ነበር፤ ሰው በሩን ከፍቶ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ማን እንደሞተ ገባው።

መጀመሪያ ጋሽ ኑሩ ዘንድ ሄድኩ። የእነሱ ድርሻ መስጊዱ ደጅ ላይ ለሕፃናት ጥላ ሆኖ ነበር። ወዲያው አስወረዱልኝ፤ ግን የበና ሰዎች ሲመጡ ከሥሩ የሚያሰክረው ቦርዴያቸው እንዳይጠጣ አስጠነቀቁኝ፤ ቦርዴው ከዳር ይሁን አሉ። እሺ አልኩ። ጋሽ አሥራት ዘንድ ስሄድ የእነሱ ድርሻ ጸበል ተረጭቶበታል፣ ከሌላ ጋር ተመልሶ ሊሰፋ አይችልም አሉኝ። ለመንኳቸው። ቆይተው በገመድ ይታሰር እንጂ መርፌ እንዳይነካው ብለው ሰጡኝ። ክፋት አይደለም፤ ሁሉም ትንሽ ነገር ብቻ ነው የጠየቀው። ሰማይን የሚያህል ነገር የጠየቀኝ ሰው የለም።

አጎቴ ጦና ሳንቃ ሲልግ ነው ያገኘሁት። ነገርኩት። መላጊያውን ሳያቆም ሰውየው ጌታን ሳይቀበል ሞቷል፣ ድንኳኑ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ሆኗል አለኝ።

«አጎቴ፣ እናንተ ስትጸልዩ ደጅ ቆሞ የሚስለው ማን ነበር?»

መላጊያው ቆመ። ዓይኑ እንባ ሲያቀርር አየሁት፤ አልዋሽበትም።

«ኮሚቴው ሳይወስን አንዲት ገመድ አልሰጥም፤» አለ።

«ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል?»

«እሑድ።»

ማክሰኞ ነበር።

ዳርና ዳሩን ይዤ ወደ ዕቃ ቤቱ ደጅ ተመለስኩ። ብሰፋቸው ጠበብ ያለ ድንኳን ይሆኑ ነበር፤ ግን መርፌ አይነካውም ብዬ ቃል ገብቻለሁ፤ ቃሌን ደግሞ አላጥፍም። ይህ ግትርነቴ ስንቱን እንዳበላሸ አንዳንዴ እቆጥራለሁ። ሁለቱን ሸራ በገመድ ጠፍሬ አስጠጋኋቸው። የቱንም ያህል ብስባቸው መሐላቸው አንድ ስንዝር ሰማይ ይታያል። ቆዳው የነበረበት ቦታ ነው። አስከሬኑ ያለበትን አልጋ ወደ አንዱ ጎን እንዳላደርገው፣ ወደ ኑሩ ባደርገው አሥራት፣ ወደ አሥራት ባደርገው ኑሩ ምን ይላሉ ብዬ መሐል ላይ አስቀመጥኩት። እኩል እንዲሆን።

የአያ ጊኖ እህት በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ከሰባት ሰዎች ጋር መጣች። ወንዙ ሞልቶ መኪና አላሻገረም፤ በእግራቸው ነው የመጡት፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ኮረሪማና ማር፣ ቅልና አንድ የበሬ ቆዳ ይዘዋል። እነሱ ሲደርሱ ደመናው ከአሪ ተራሮች ወርዶ ተቀደደ።

በዚያ ዝናብ ውስጥ ያየሁትንና የሰማሁትን ልንገራችሁ፤ ሌላው ሁሉ የተነገረው ለዚህ ነው። የኦርቶዶክሶቹ ሰዎች በእነሱ ሸራ ሥር ቆመዋል፤ ሙስሊሞቹ በራሳቸው ሸራ ሥር። አጎቴ ጦና መጥቷል፤ ግን ከሁለቱም ሥር ሳይገባ ከመንገዱ ማዶ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። ጋሽ አሥራት «አቤቱ ማረው» ይላሉ። ጋሽ ኑሩ መዳፋቸውን ዘርግተው «አላህ ይማረው» ይላሉ። አጎቴ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ከንፈሩን አውቀዋለሁ፣ «ጌታ ሆይ ምሕረትህ» ነው የሚለው። እህትየው ከቅሉ አንድ ጉንጭ ሾፎሮ ይዛ እፍ አለችና «ባርጆ» ብላ ተጣራች። አራቱ አንዱን ሰው እንዲምርላቸው አንዱን ነው የለመኑት፤ በአንድ ጊዜ፣ አንድ ድንኳን በማይሞላ ቦታ ላይ። ውሃው ግን በዚያች ስንዝር መሐል ገብቶ አያ ጊኖ ደረት ላይ ይወርድ ነበር። ሁሉም ያየዋል። ለመሸፈን ከየሸራው ሥር ወጥቶ ወደ መሐል መግባት ይጠይቃል፤ ማንም አልገባም። እኔ ገብቼ ነጠላዬን ዘረጋሁ፤ ወዲያው ረሰረሰ፤ ነጠላ ምን ይሆናል።

እህትየው ቀና ብላ አየች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው።

«ይሄ ድንኳን፣ መሐል ለምን የለም?»

የቆረጥኩት እኔ ነኝ ማለት ሲገባኝ የረሰረሰ ነጠላዬን ጨመቅኩ።

ሰዎቿ ሬሳውን በበሬው ቆዳ ጠቀለሉት፤ ቆዳው ዝናቡን አላስገባም። በሁለት እንጨት ተሸክመውት በመጡበት ጭቃ ተመለሱ። ጋሽ አሥራትና ጋሽ ኑሩ እስከ ሜዳው ዳር ሸኙ፤ አጎቴ ከኋላ ራቅ ብሎ ተከተለ። ጥሩምባውን እህትየው ወሰደችው።

እሑድ ኮሚቴው ተሰብስቦ ለአንድ ጊዜ እንዲሰጥ ፈቀደ ተባልኩ።

ሦስቱም ሰዎች ዛሬ የሉም። በሦስት መቃብር ቦታ ተቀብረዋል፤ በሦስቱም ቀብር ላይ ቆሜአለሁ፤ ሦስቱም ጥሩ ሰዎች ነበሩ። ከክፉ ሰዎች ጋር ቢሆን ኖሮ ተስፋ አይቆረጥም ነበር፤ ክፉ ይሞታል ወይም ይመለሳል ይባላል። ጥሩ ሰው እያንዳንዱ ትንሽ ነገር ብቻ ጠይቆ ሲያበቃ የሚፈጠረውን ቀዳዳ ማን እንደሚደፍነው አላውቅም። ከሸራዎቹ አንዱ የእህል ጆንያ ሆኖ አለቀ፤ አንዱ የዶሮ ቤት ሸፈነ፤ የእኛን መሐለኛ ምስጥ በላው። አንዷ ልጄ ለኦርቶዶክስ፣ አንዷ ለሙስሊም ተዳረች፤ የልጅ ልጆቼ ለበዓል ሲሰበሰቡ ሥጋ በሁለት ድስት እሠራለሁ፤ ማማሰያውንም ለየብቻ ነው የማስቀምጠው። አያ ጊኖ ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ ገበያው አንድ ነው። እኔም ትክክል ነበርኩ። የሚያሳዝነኝ የእኔ ትክክል መሆን ነው።

ባነሩን ረቡዕ ማታ ጨረስኩት። ወጣቱ ሐሙስ ጠዋት ሊወስደው ሲመጣ ከስብሰባው በኋላ አብረው ይበሉ እንደሆነ ጠየቅኩት። ምሳው በሁለት አዳራሽ እንደተዘጋጀ ነገረኝ፤ ችግር እንዳይፈጠር ብለን ነው አለ። ጠርዙን አሳየሁት፤ አንድ ጣት እንኳ አይበላለጥም። ወደደው። ከተራሮቹ በኩል ደመና ጠቁሮ ነበር፤ ከበረንዳው ሳይወርድ ጠብታ ጀመረ። ወጣቱ ጃኬቱን አወለቀ፤ ባነሩ እንዳይበሰብስ በጃኬቱ ሸፍኖ በሸሚዙ ብቻ በዝናቡ ውስጥ ሮጠ።